ደም ብዛት ማለት የደም መብዛት ነውን?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት በሳይንስ ክበብ ስብሰባ ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)





ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገረው ስለ ደም ሥርና በደም ሥር ውስጥ ስላሉት ሕዋሳት ነው። ርእሱ በመጀመሪያ ሲሰሙት ለሐኪሞች ብቻ የተተወ ይመስላል። እኔ ግን የመረጥኩት አያቴ ጠይቀውኝ መልስ ያጣሁለት አንድ ጥያቄ ስለ ነበረ ነው።

አያቴ «የደም ብዛት አለብዎ» ከተባሉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። በየቀኑ እንዲወስዱት የታዘዘላቸው ኪኒንም ነበራቸው። ነገር ግን ደህና ሲሆኑ ይተዉታል፤ ራሳቸውን ሲያማቸው ይጀምሩታል። አንድ ቀን «ለምን አይወስዱም?» ብላቸው፥ «ልጄ፥ ደሜ በዝቷል ካሉ ጥቂቱን ለምን አይቀዱልኝም? ድሮ እኮ በዋግምት ያወጡልን ነበር» አሉኝ። እኔም በባዮሎጂ ጥሩ ውጤት አመጣለሁ ባይ ስሆን፥ ፈገግ ከማለት በቀር የምመልሰው አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ጥቂት ወራት ሳይቆይ፥ አንድ ጧት ቡና ቀርቦ ሲኒውን ለማንሣት ሲዘረጉ ቀኝ እጃቸው እምቢ አላቸው፤ አንደበታቸውም ተሳሰረ። ስትሮክ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ሲኒውን የሚያነሡት ግን በግራ እጃቸው ነው።

ስለዚህ ይህ ንግግር ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። መልሱንም ስፈልግ፥ ከጠበቅሁት እጅግ የሚያስደንቅ ነገር አገኘሁ። ይኸውም የደም ሥር እንደ ብረት ቧንቧ ዝም ብሎ ደም የሚያሳልፍ ዕቃ ሳይሆን፥ የሚነካውን ኃይል የሚለይ፥ ለለየውም ኃይል መልስ የሚሰጥ ሕያው አካል መሆኑ ነው።

ነገሩን ከስሙ እንጀምር። በአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ 5 ሊትር ያህል ደም ይገኛል። «ደም ብዛት አለበት» የተባለው ሰው ግን 8 ወይም 10 ሊትር ደም ያለው አይደለም። ጨው ሲበዛ ውሃ በሰውነት ውስጥ ስለሚቀር የደሙ መጠን ጥቂት ሊጨምር ይችላል፤ በዚህ ረገድ የአያቶቻችን ስያሜ ከእውነት ፈጽሞ የራቀ አይደለም። ዋናው የሚበዛው ግን ደሙ ሳይሆን ደሙ ግድግዳውን የሚገፋበት ኃይል ነው። ሐኪሞች «የደም ግፊት» የሚሉትም ለዚህ ነው።

ይህ እውቀት በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቬ ደም ከልብ ወጥቶ ወደ ልብ እንደሚመለስ ያስረዳበትን መጽሐፍ ያሳተመው በ1628 እ.ኤ.አ. ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ስቲቨን ሄልስ የተባለ ቄስ በአንዲት ባዝራ እግር የደም ሥር ውስጥ የናስ ቧንቧ አግብቶ ከረዥም የብርጭቆ ቱቦ ጋር ቢያገናኘው፥ ደሙ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ወደ ላይ ወጣ፤ ይህንንም በ1733 እ.ኤ.አ. ጽፎ አሳተመ። ዛሬ በክንድ ላይ የሚታሰረውን መለኪያ ጣልያናዊው ሪቫ ሮቺ በ1896፥ ድምፁን በማዳመጫ እየሰሙ መለካትን ደግሞ ሩሲያዊው ኮሮትኮፍ በ1905 እ.ኤ.አ. አስተማሩን። አንድ ሰው «120 በ80» ሲባል፥ ልብ ስትኮማተር ግፊቱ 120 ሚሊሜትር የሜርኩሪ ዐምድ፥ ልብ ስታርፍ ደግሞ 80 ሚሊሜትር ያነሣል ማለት ነው። በሜርኩሪ ፈንታ ውሃ ቢሆን ኖሮ፥ 120ው ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ከፍ ያደርገው ነበር።

እስቲ አሁን ሁላችሁም የግራ እጃችሁን አንጓ በቀኝ እጃችሁ ጣቶች ያዙ። ይህ የሚመታው ነገር በደቂቃ 70 ጊዜ ቢመታ፥ በአንድ ቀን ከ100,000 ጊዜ በላይ ይመታል። ልብ ሰው በዕረፍት ላይ ሳለ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ስለምትረጭ፥ በ24 ሰዓት 7,200 ሊትር ታሳልፋለች፤ ይህም በ200 ሊትር በርሜል ቢለካ 36 በርሜል ነው። ይህ ሁሉ ሲያልፍ ግድግዳው ምን ይሆናል? ጥያቄያችን ይህ ነው።

ግድግዳውን የሚነኩት ኃይሎች ሦስት ናቸው። አንደኛው ደሙ ወደ ውጭ የሚገፋበት ግፊት ነው። ሁለተኛው ልብ በመታች ቁጥር ግድግዳው የሚለጠጥበትና የሚመለስበት ኃይል ነው፤ አሁን በጣታችሁ የዳሰሳችሁት ይህንን ነው። ሦስተኛው ደሙ በግድግዳው ገጽ ላይ እየተንሸራተተ ሲያልፍ ወደፊት የሚጎትትበት የፍትጊያ ኃይል ነው። መዳፋችሁን በጠረጴዛ ላይ ወደ ታች ብትጫኑ ግፊት ነው፤ መዳፋችሁን በጠረጴዛው ላይ ብትስቡ ፍትጊያ ነው።

በግፊትና በፍትጊያ መካከል ያለው የመጠን ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው። በትልቅ የደም ቅዳ ውስጥ አማካዩ ግፊት 13,000 ፓስካል ያህል ሲሆን፥ ፍትጊያው ግን ከ1 እስከ 2 ፓስካል ቢሆን ነው። አንድ ፓስካል ማለት ከአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ እጅ የማይበልጥ ስስ የውሃ ሽፋን በጠረጴዛ ላይ ቢፈስ የሚጫነውን ያህል ነው። ይሁን እንጂ የደም ሥር ይህችን ትንሽ ኃይል ለይቶ ያውቃል። እንዴት ያውቃታል?

የደም ሥር ሁሉ ውስጡ በአንድ ረድፍ ሕዋሳት ብቻ የተለበጠ ነው። ይህ ልባስ ኢንዶቴሊየም ይባላል። ደም በቀጥታ የሚነካው እርሱን ብቻ ነው። ከእርሱ በስተጀርባ፥ ደም ቅዳውን የሚያጠብቡና የሚያሰፉ ጡንቻዎች አሉ። ለረዥም ጊዜ ሊቃውንት ይህን ልባስ እንደ ቀለም ቅብ ብቻ ይቆጥሩት ነበር። አስተሳሰባቸውን ካስለወጡት ነገሮች አንዱ በአንድ ቤተ ሙከራ የተፈጠረ ትንሽ ስሕተት ነው።

በኒው ዮርክ ይሠራ የነበረው ሮበርት ፈርችጎት የጥንቸል ደም ቅዳ እየቆረጠ ጡንቻው እንዴት እንደሚኮማተር ያጠና ነበር። አሴቲልኮሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ሲጨምርበት፥ አንዳንዱ ቁራጭ ይላላል፤ አንዳንዱ ይኮማተራል። ምክንያቱን አጥብቆ ቢመረምር፥ የሚኮማተሩት በዝግጅት ጊዜ ውስጣቸው የተፈተገና ልባሱ የተላጠ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ ለጡንቻው «ላላ» የሚል መልእክት የሚልከው ያ ስስ ልባስ ነው ማለት ነው። ይህን በ1980 እ.ኤ.አ. አሳተመ። መልእክተኛውም ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ መሆኑ በኋላ ታወቀ፤ ለዚህም ፈርችጎት፥ ሉዊስ ኢግናሮና ፌሪድ ሙራድ በ1998 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ሰነፍ ተማሪ ሙከራው ሲበላሽበት ይጥለዋል፤ ትጉ ተማሪ ግን ለምን እንደ ተበላሸ ይጠይቃል።

ታዲያ ሕዋሱ ፍትጊያውን በምን ያውቀዋል? በዓይን አያይ፥ በጆሮ አይሰማ። አርደም ፓታፑቲያን የተባለው በቤይሩት የተወለደ ሊቅና ባልደረቦቹ ሕዋሳትን በቀጭን ብርጭቆ እየነኩ፥ ሕዋሱ ሲነካ የሚሰማውን ክፍል ይፈልጉ ነበር። ተጠርጣሪ ናቸው ያሏቸውን 72 ጂኖች ለይተው አንዱን ከአንዱ እየዘጉ ሲሞክሩ፥ አንዱ ሲዘጋ ሕዋሱ መነካቱን የማያውቅ ሆነ። የተገኘውን ፕሮቲን መጫን ከሚል የግሪክ ቃል ወስደው ፒዬዞ አሉት። ይህ በ2010 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ2021 የኖቤል ሽልማትን ከዴቪድ ጁሊየስ ጋር ተካፈለ። በ2014 ይኸው ፒዬዞ በደም ሥር ልባስ ውስጥም ፍትጊያን እንደሚለይ ታወቀ።

ፒዬዞ በሕዋሱ ቆዳ ላይ እንደ ተተከለ በር ነው። የሚፈሰው ደም የሕዋሱን ቆዳ ሲስበው በሩ ይከፈታል፤ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል፤ በዚህም ምክንያት ሕዋሱ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሠራል። ጋዙ ወደ ጡንቻው ይሻገራል፤ ጡንቻው ይላላል፤ ደም ቅዳው ይሰፋል። ደም ቅዳው ሲሰፋም ፍትጊያው ተመልሶ ይቀንሳል። እንግዲህ ማንም ሳያዝዘው፥ ባለቤቱም ሳያውቀው፥ ራሱን በራሱ የሚያስተካክል ሥርዓት ነው። ፒዬዞ ብቻውን አይደለም፤ ሕዋሳቱን እርስ በርስ የሚያያይዙ ፕሮቲኖችም በዚህ ሥራ ይረዱታል።

የሕዋሳቱ መልስ በዚህ አያበቃም። በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከላም የደም ሥር የተወሰዱ ሕዋሳትን በሳህን ላይ አሳድገው ፈሳሽ እንዲፈስባቸው ቢያደርጉ፥ እንደ ኮብልስቶን ድንጋይ ክብ ክብ ሆነው የነበሩት ሕዋሳት ረዘም ረዘም ብለው ወደ ፈሳሹ አቅጣጫ ተሰለፉ። ገበሬ ልጆች የሆናችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፤ በመስኖ ቦይ ውስጥ የበቀለ ሣር ውሃው በሚሄድበት ይተኛል። ልዩነቱ ሣሩ ተገፍቶ ሲተኛ፥ ሕዋሱ ግን የውስጥ ምሰሶዎቹን አፍርሶ እንደ ገና እየሠራ ቅርፁን መለወጡ ነው። በእርጋታና በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ ደም ለሕዋሱ የሰላም ምልክት ነው፤ እብጠትን የሚከላከሉ ጂኖቹ ይነቃሉ፥ የደም መርጋትንም ይከለክላል።

አሁን ወደ ክፉው ነገር እንሂድ። በሐምሌ ዝናብ ጊዜ በልደታ መንገድ ዳር የሚወርደውን የጎርፍ ቦይ ተመልከቱ። ቦይው ቀጥ ባለበት ውሃው ጠርጎ ያልፋል። ቦይው በሚታጠፍበትና ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ግን ውሃው ይዞራል፤ ወደ ኋላም ይመለሳል፤ ደለሉ፥ ላስቲኩና ገለባው የሚከማቸው እዚያ ነው። በደም ሥርም እንዲሁ ነው። ወደ ራስ የሚወጣው ደም ቅዳ አንገት ላይ ለሁለት በሚከፈልበት፥ ልብን በሚመግቡት ደም ቅዳዎች መገንጠያ፥ በትልቁ ደም ቅዳ መታጠፊያ ውስጠኛ ጎን፥ ፍትጊያው ደካማና አቅጣጫው የሚወላውል ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. ኮሊን ካሮና ባልደረቦቹ በለንደን ሆነው፥ የስብ ክምችት የሚጀምረው ፍትጊያው በሚያንስበት ቦታ መሆኑን ጽፈው አስረዱ። አስቀድሞ ግን ብዙ ሰው ጉዳቱ ፍትጊያ በሚበረታበት ቦታ ይሆናል ብሎ ይገምት ነበር።

ምሳሌዬ ግን እዚህ ላይ አንድ ጉድለት አለው። የጎርፍ ቦይ ድንጋይ ነው፤ ደለሉ ዝም ብሎ ይቀመጥበታል። በደም ሥር ግን ሕዋሳቱ ራሳቸው ይለወጣሉ። አቅጣጫው የሚወላውል ደም ሲነካቸው ሰልፋቸው ይፈርሳል፤ የሚሠሩት ናይትሪክ ኦክሳይድ ያንሳል፤ በመካከላቸው ያለው ስፌት ይላላል። ኮሌስትሮል የተሸከሙ ቅንጣቶች በዚያ ሾልከው ይገባሉ፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም እየተጣበቁ ይከተሏቸዋል። ከብዙ ዓመት በኋላ ግድግዳው ወፍሮ ይደነድናል። አተሮስክለሮሲስ የሚባለው በሽታ ይህ ነው።

ከፍተኛ የደም ግፊት ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። ግድግዳው በቀን ከ100,000 ጊዜ በላይ ከልክ አልፎ ሲለጠጥ፥ ጡንቻው እንዳይቀደድ ራሱን ያወፍራል። ራሱን መከላከሉ ነው፤ ነገር ግን ሲወፍር የውስጡ መንገድ ይጠብባል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፕዋዘይ በ19ኛው መቶ ዓመት በቀጭን ቱቦዎች ባደረገው ሙከራ እንዳሳየው፥ የቧንቧ ስፋት በግማሽ ቢቀንስ፥ በዚያው ግፊት የሚያልፈው ፈሳሽ በግማሽ ሳይሆን ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ትንንሾቹ የደም ሥሮች ጥቂት ሲጠብቡ ልብ እጅግ አብልጣ መግፋት አለባት፤ ግፊቱም ይጨምራል፤ ግድግዳውም እንደ ገና ይወፍራል። ክፉ አዙሪት ነው። መጨረሻው የአንጎል፥ የልብና የኩላሊት ጉዳት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ለመልካም ነገር እንጠቅሰዋለን፤ ክፉም ነገር እንዲሁ ቀስ በቀስ ይሄዳል።

ኃይል የደም ሥርን እንደሚለውጥ በዓይኑ ለማየት የሚፈልግ ሰው፥ ኩላሊቱ ደክሞ በመሣሪያ ደሙ የሚታጠብለትን ሕመምተኛ ክንድ ይመልከት። ሐኪሞች በክንዱ ውስጥ ደም ቅዳውን ከደም መልሱ ጋር ያገናኙታል። ያ ስስ ደም መልስ ብርቱ ፍሰት ሲመጣበት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሰፋል፥ ይወፍራልም፤ ከዚያም መርፌውን ደጋግሞ ለመቀበል ይበቃል። እንግዲህ ሰውነታችንን የሚጎዳው ያው ሥርዓት፥ በአዋቂ እጅ ሲመራ ሕይወት ያተርፋል።

ስለ መልካሙ ኃይልም ልናገር። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ አበበ ቢቂላ በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሮጠ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ደግሞ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገደማ ደገመው። የሠለጠነ ሯጭ ሲሮጥ ልቡ በደቂቃ ከ20 ሊትር በላይ ልትረጭ ትችላለች። ያን ጊዜ በእግሮቹ ደም ቅዳዎች ውስጥ ፍትጊያው ብርቱ፥ ፍሰቱም አንድ አቅጣጫ የያዘ ይሆናል፤ ሕዋሳቱም ናይትሪክ ኦክሳይድ አብዝተው ይሠራሉ። ልምምዱ ሲዘወተር ደም ቅዳዎቹ ይሰፋሉ። ለዚህ ጥቅም አበበን መሆን አያስፈልግም፤ በየቀኑ ፈጠን ብሎ ግማሽ ሰዓት መራመድ ለሕዋሳቱ ያንኑ መልእክት ያደርሳል።

ስለ ፍትጊያ ካነሣን የደሙ ውፍረትም ይቆጠራል፤ ማር ከውሃ ይልቅ ግድግዳን አብልጦ እንደሚጎትት ሁሉ፥ ወፍራም ደም ለመፍሰስ ብዙ ግፊት ይፈልጋል። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራራ የሚኖሩ ሰዎች አየሩ ስለሚሳሳባቸው ቀይ የደም ሕዋሳታቸው ይበዛል፤ ደማቸውም ይወፍራል። በ2002 እ.ኤ.አ. ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ግን በስሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ በሚኖሩ 236 አማሮች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። የሄሞግሎቢናቸው መጠን በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው የራቀ አልነበረም፤ የደማቸው የኦክሲጅን ሙሌትም በአማካይ ከመቶ 95.3 ነበር። ደማቸው ሳይወፍር በደጋ መኖር መቻላቸው ሊቃውንትን አስደንቋል።

ይሁን እንጂ ይህ «እኛን የደም ግፊት አይነካንም» አያሰኝም። በ2007 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ ከ15 እስከ 69 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ በተደረገው ጥናት፥ ከ100 ሰዎች 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል፤ ብዙዎቹም ተለክተው አያውቁም ነበር።

እንግዲህ ለአያቴ ጥያቄ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ደም ቢቀዳ ግፊቱ ለጥቂት ጊዜ ይወርድ ይሆናል፤ ነገር ግን ሰውነት የጎደለውን ፈሳሽ በአንድና ሁለት ቀን ይተካዋል፤ የጠበበውና የደነደነው ግድግዳ ግን እዚያው ነው። ኪኒኑ ግን ከዋግምት የተለየ ሥራ ይሠራል። አንዱ ዓይነት የደም ሥሩን ጡንቻ ያላላል፤ አንዱ ትርፉን ጨውና ውሃ በኩላሊት ያስወጣል፤ አንዱ የልብን ምት ያረጋጋል። በየቀኑ የሚወሰደውም ኃይሉ በየቀኑ ስለሚመጣ ነው። ሕመም አለመሰማቱ ደኅንነት አይደለም፤ ሕዋሳቱ ኃይሉን ይሰማሉ እንጂ እኛ አንሰማውም።

ይህንን ለአያቴ በሚገባቸው ቋንቋ፥ በጎርፍ ቦዩ ምሳሌ አድርጌ አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ከሰሙኝ በኋላ፥ «እንዲህ ከሆነማ ስሙን ለምን አትለውጡትም?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ያልበዛውን በዝቷል ስንል፥ መድኃኒቱንም ባልሆነ መንገድ እንፈልጋለን። አሁን ኪኒኑን በየማለዳው የማቀርብላቸው እኔ ነኝ፤ ስሙንም በቤታችን «ግፊት» ብለነዋል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ የዚህ ዓመት ተመራቂዎች ከመካከላችን ሐኪም፥ መሐንዲስ፥ መምህር የሚሆኑ አሉ። የደም ሥርን ለመረዳት ሐኪምና መሐንዲስ አብረው መሥራት እንዳለባቸው አይታችኋል፤ የፊዚክስ ደብተራችንና የባዮሎጂ ደብተራችን ስለ አንድ ሰው የተጻፉ ናቸው። እስከዚያው ድረስ ግን ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትገቡ አባታችሁን፥ እናታችሁን፥ አያታችሁን «ግፊትዎን የተለኩት መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «አላስታውስም» ከሆነ በሚቀጥለው ቀን ይዛችኋቸው ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ወላጆችም ወጡ ሲሠራ ጨዉን ቀነስ ያድርጉልን፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች፥ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ነው።

እኔ መልሱን ያገኘሁት ሲኒው ከወደቀ በኋላ ነው። እናንተ ግን አስቀድማችሁ እንድታገኙት ምኞቴ ነው።